ክንፏን የምትጎትተው ወፍ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ጊዜ ደብዳቤዎች ሁለት ወገን ናቸው። ግማሾቻችሁ ካሜራ ይዛችሁ ከትንንሽ ወፎች ጋር ትታገላላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ ከባሕር ጋር። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስድብ ያለባቸውንም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ባለ300 ሚሊሜትር ሌንስ አለኝ። ወፏ ግን ፎቶው ላይ የዝንብ ያህል ሆና ነው የምትወጣው። ባለ600 ልግዛ?

ገንዘቡ ካለህ ግዛ፣ ማን ይከለክልሃል። ግን መጀመሪያ አንድ ሒሳብ እንሥራ። አሥር ሴንቲሜትር የምታህል ወፍ ከ30 ሜትር ላይ በ600 ብታነሳት፣ በፉል ፍሬም ካሜራ (ብርሃን መቀበያው 36 ሚሊሜትር ወርድ ባለው) ከፎቶው ወርድ የምትይዘው ከአሥራ ስምንት አንድ እጅ ነው። አሁን በያዝከው 300 ከ10 ሜትር ላይ ብታነሳት ግን ከአሥራ ሁለት አንድ እጅ ትይዛለች። ስለዚህ የሚያዋጣው መቅረብ ነው። ቅረብ ስልህ ደግሞ ተከትለሃት ሩጥ ማለቴ አይደለም፣ እሷ እንድትቀርብህ አድርግ። ብዙ ትንንሽ ወፎች ደጋግመው የሚመለሱበት ቅርንጫፍ ወይም ድንጋይ አላቸው። እሱን ለይ፣ ቀድመህ ሂድ፣ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ፣ ዝም በል። የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ምንም አይመጣም፤ እዚያ ላይ ነው አብዛኛው ሰው ተነሥቶ የሚሄደው። እኩለ ቀን ላይ ከጋለ አሸዋ በላይ ከሩቅ የምታነሳው ፎቶ ደግሞ አየሩ ስለሚንቀጠቀጥ በየትኛውም ሌንስ ጥርት አይልም።

ጥያቄ፦ በስልክ ወፍ ማንሳት ይቻላል?

ይቻላል። ወፏ ከተኛች።

ጥያቄ፦ ቅርንጫፉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ እሱ ላይ ያለችው ወፍ ግን ብዥ ትላለች። ፎከሱ ተበላሽቶ ይሆን?

ፎከሱ ደህና ነው። የዘገየው የካሜራሽ መዝጊያ ነው፤ በ1/250 ሰከንድ ነው ያነሳሻት፣ የላክሽልኝ ፋይል ይናገራል። ትንሽ ወፍ የተቀመጠች ስትመስል እንኳ አንገቷ፣ ጅራቷ፣ ሁሉ ነገሯ ይንቀሳቀሳል። ለተቀመጠች ወፍ ከ1/1000 ጀምሪ፣ ለምትበር 1/2500 እና ከዚያ በላይ ሂጂ። ሌንስሽ ላይ ያለው የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ ያንቺን እጅ እንጂ የሷን ጅራት አያቆምም። ፎቶው ጠቆረብኝ ካልሽ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ጨምሪ። አሸዋ አሸዋ የሚል ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ይስተካከላል፣ የተንቀሳቀሰ ግን ያው የተንቀሳቀሰ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ወንድማችን አሸዋማ የባሕር ዳርቻ ላይ ስለገጠመችው ትንሽ ወፍ ረጅም ደብዳቤ ጽፎልኛል። ክንፏ ተሰብሮ መሬት ለመሬት ስትጎትተው አየ። አዘነ፣ ተከተላት፣ እያዘነም ግማሽ ሰዓት ያህል ፎቶ አነሳት። ብዙ ርቀት ከወሰደችው በኋላ ብድግ ብላ በረረች። «እንዴት በዚህ ፍጥነት ልትድን ቻለች?» ይላል። ፎቶዎቹን አያይዟል። እውነቱን ለመናገር ያምራሉ።

አልዳነችም ወንድሜ፣ መጀመሪያም አልታመመችም። ሸውዳሃለች።

ፎቶህ ላይ ያለችው ፕሎቨር ከሚባሉት አንዷ ናት፣ እነዚያ አሸዋ ላይ ሮጥ ሮጥ ብለው ቀጥ የሚሉት። ብዙዎቹ ጎጆ የሚባል ነገር አይሠሩም፤ አሸዋውን ትንሽ ጎድጎድ አድርገው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት እንቁላል ይጥሉበታል። የእንቁላሉ መልክ ከአሸዋና ከጠጠር አይለይም። አውሬ ሲመጣ ወላጅየዋ ከእንቁላሏ ፈቀቅ ትልና ክንፏን ዘርግታ እየጎተተች፣ እየጮኸች፣ የተሰበረች መስላ ትሄዳለች። ቀበሮው ቀላል ምሳ አገኘሁ ብሎ ይከተላታል። በቂ ርቀት ሲሄድላት ትበራለች። አንተ ያነሳኸው ትወና ነው፣ አውሬው ደግሞ አንተ ነበርክ።

ታዲያ ምን ችግር አለው፣ እሷም እኔም በሰላም ተለያየን ትለኝ ይሆናል። ችግሩ ያለው እዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። እሷ አንተን በምታዞርበት ጊዜ እንቁላሎቹ ጠራራ ፀሐይ ላይ ናቸው። ወፍ እንቁላሏ ላይ የምትቀመጠው ለማሞቅ ብቻ አይደለም፤ በጋለ አሸዋ ላይ ጥላ ለመሆንም ነው። ጥላው ከጠፋ ውስጡ ያለው ጫጩት በሙቀት ይሞታል። ብርድ ባለበትም ያው ነው፣ ቀዝቅዞ ይሞታል። ከላይ ደግሞ ቁራ አለ። ቁራ ሞኝ አይደለም፣ የሰው ሁካታ የት እንዳለ አይቶ ይመጣል።

አንተን ለመውቀስ ሞራሉም የለኝ። ካሜራ በያዝኩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እኔም ሆዴ ላይ ተኝቼ አንዲትን ወፍ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው አነሳኋት። ዙሪያዬን ትሮጣለች፣ ትቆማለች፣ ታየኛለች፣ ትጮኻለች። እኔ ሞዴል ሆነችልኝ ብዬ በደስታ ሰክሬያለሁ። ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ሳሳድጋቸው አንዱ ጥግ ላይ፣ ከቦርሳዬ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሁለት ጠጠሮች አየሁ። ጠጠር አልነበሩም። ፎቶው አሁንም አለኝ፣ ለማንም አሳይቼው ግን አላውቅም።

ስለዚህ ክንፏን የምትጎትት ወፍ ስታይ ቁም። አትከተላት። የመጣህበትን ዱካ እየረገጥህ፣ ዓይንህን መሬት ላይ አድርገህ ተመለስ። እነሱ የሚጥሉት የባሕሩ ሙላት ከማይደርስበት ደረቅ አሸዋ ላይ ስለሆነ እርጥቡ አሸዋ ላይ መሄድ ይሻላል። ራቅ ብለህ ተቀመጥና በሌንስህ ተከታተላት፤ ተመልሳ ስትቀመጥ ካየህ ጥሩ። አሁንም እየጮኸች ከተመላለሰች ገና አልራቅህም። ጫጩት ካላት ደግሞ ይባስ ተጠንቀቅ፣ ከተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ይሮጣሉ፣ ሲደነግጡ ግን መሬት ላይ ልጥፍ ብለው ዝም ነው። እግርህ ሥር ሆነው አታያቸውም። ፎቶውን ስትለጥፍ ቦታውን አትጻፍ። በመራቢያ ወቅት የተቀዳ የወፍ ድምፅ ከስልክ እያሰማህ መጥራትንም ተወው፤ ጠላት መጣ ብላ ነው የምትሮጥልህ፣ ለፎቶ አይደለም።

በእውነት የተሰበረችስ ብትሆን? አንተ ርቀህ ሄደህም እንደዚያው ትሆናለች። ያኔ ራስህ አታንሳት፣ የዱር እንስሳት ሐኪም ወይም ጠባቂ ጥራ።

ጥያቄ፦ ባሕሩን እንደ ጉም አለስልሰው የሚያነሱት እንዴት ነው?

ሌንሱ ፊት ጥቁር መስታወት ያደርጋሉ፣ ኤንዲ ፊልተር ይባላል። ባለ10 ስቶፑ ብርሃኑን ወደ አንድ ሺህኛ ስለሚቀንሰው በ1/30 ሰከንድ የምታነሺው ነገር ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ትራይፖድ፣ ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ፣ የግድ ነው። እግሮቹን አሸዋው ውስጥ በደንብ ግፊያቸው፣ አለዚያ ውሃው ሲሸሽ ትንሽ ይሰምጡና ፎቶሽ ብዥ ይላል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ጉሙ ሰልችቶኛል። ባሕር ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ እኮ! ሞገዱ ከድንጋዮቹ መሐል ሲሸሽ በግማሽ ሰከንድ አንሺው፤ ውሃው መስመር መስመር እየሠራ ሲጎተት ይታያል።

ጥያቄ፦ ባሕሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነብልብኛል።

ካሜራህ ውስጥ ውሃ ልክ ሊኖር ይችላል፣ ሜኑው ውስጥ ፈልገው።

ጥያቄ፦ ሞገድ መጥቶ ካሜራዬን አለበሰው። በፀጉር ማድረቂያ አደረቅሁት፣ ይሠራል። ነገ ልወጣበት ነው።

አትውጣበት! ውሃው ነው የደረቀው፣ ጨው አይደርቅም። እዚያው ውስጡ ተቀምጦ ብረቱን እየበላ ነው፣ የማድረቂያው ነፋስም ይበልጥ ወደ ውስጥ ነድቶት ይሆናል። ባትሪውን አሁኑኑ አውጣ፣ አታብራው፣ ካሜራ ወደሚጠግን ባለሙያ ዛሬ ውሰደው። ነገ አላልኩም። «ይሠራል» ማለት እስካሁን ይሠራል ማለት ነው። ፍንጣሪ ብቻ ለነካው ካሜራ በንጹሕ ውሃ የረጠበ ጨርቅ ይበቃል፤ በደረቅ ጨርቅ ከፈተጋችሁት ግን ጨው ሌንሱን ይጭረዋል።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት ፀሐይን ልትጠልቅ ስትል በትልቅ ሌንስ እያዩ አነሷት። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ዓይናቸው መሐል ላይ የማይጠፋ ጠቆር ያለ ነጥብ አለ። አያምም፣ ሦስት ቀን ሆነው። የትኛው ፊልተር ይሻላል ይሉኛል።

እማማ፣ ፊልተሩን ይተዉት። ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱም ቢነሡ ደስ ይለኛል። አለማመሙ አያጽናናዎት፤ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ክፍል ቢቃጠልም ሕመም አይሰማውም። ውስጣቸው መስታወት ያለባቸው ካሜራዎች ማያቸው (ዓይን የሚጠጋበት ቀዳዳ) ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ዓይን ነው የሚልኩት፣ ትልቅ ሌንስ ደግሞ ይሰበስበዋል። ሌሎቻችሁ፣ ፀሐይ ፎቶው ውስጥ ካለች ከጀርባ ባለው ስክሪን እዩ።

ጥያቄ፦ አንገቴን ያመኛል።

ሐኪም ያየው። ሌንሱንም ከአንገትህ አውርደው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ደረቅ የነበረ ድንጋይ ላይ ቆሜ ሳነሳ ዙሪያዬን ውሃ ከበበኝ።

ባሕሩ ያንተን ሰዓት አያውቅም፣ የጨረቃን ነው የሚከተለው። በአብዛኛው የባሕር ዳርቻ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፣ በሳምንት ውስጥ ተገልብጦ ቁጭ ይላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ከወትሮው ከፍ ይላል። የቦታውን የሙላት ሰሌዳ ሳታይ ድንጋይ ላይ አትውጣ፣ ጀርባህንም ለባሕር አትስጥ።

ጥያቄ፦ ያያያዝኩት ፎቶ ላይ ቅርንጫፉ ጫፍ ያለችው አረንጓዴ ወፍ ምን ትባላለች? ሁለት ሰዓት ጠብቄ ነው ያነሳኋት፣ ምንም አልተንቀሳቀሰችም።

አሥር ጊዜ አሳድጌ አየሁት። ቅጠል ነው።