የዋዜማው ማታ ለጥገና አይሆንም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር 45 ኪሎ ሜትር የተራራ መንገድ በብስክሌት ልንነዳ ነው። ዳገቱ ሲደመር 1,400 ሜትር ገደማ ይሆናል ብለውኛል። እስካሁን የምነዳው በሳምንት አንዴ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክብደቴ 74 ኪሎ ነው። ብስክሌቴ ሁለት ዓመት አገልግሏል፤ ንፋስ ከመሙላት በቀር ምንም አላስደረግሁለትም። አርብ ማታ ቁጭ ብዬ የሚቀየረውን ሁሉ ልቀይርለት አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር? ለራሴስ ምን ላዘጋጅ? ሄልሜቴም አንዴ ወድቄበታለሁ፣ ግን ስንጥቅ አይታይበትም። ይዤው ልሂድ?

መልስ፦ ከደብዳቤህ ያስደነገጠችኝ «አርብ ማታ» የምትለዋ ናት። ሥራውን ዛሬውኑ ጀምር። ለምን እንደምልህ ከራሴ ልንገርህ።

ከዓመታት በፊት እንዳንተው ለረጅም የተራራ ጉዞ ስዘጋጅ፣ በዋዜማው ማታ የሁለቱንም ጎማ የፍሬን ሸራ በአዲስ ቀየርኩ። እዚያው ደጅ ላይ ወዲያ ወዲህ ገፋ አድርጌ ፍሬን ስይዝ ቀጥ አለልኝ፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ የመጀመሪያው ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ከአንድ ኩርባ በፊት የፍሬኑን እጀታ ጨበጥኩ። እጀታው ጠንካራ ነው፣ ዘይቱም ደህና ነው፤ ብስክሌቱ ግን ዲስኩ ሳሙና የተቀባ ይመስል መሄዱን ቀጠለ። ሁለቱንም እጀታ ባለ በሌለ ኃይሌ ብጨብጥም ኩርባው ቀደመኝ። የግራ እጄ አንጓ ተሰነጠቀ።

አዲስ የዲስክ ፍሬን ሸራ ከካርቶኑ እንደወጣ በደንብ አይዝም። ከሸራው ስስ ሽፋን ወጥቶ ዲስኩ ላይ እኩል ሲለጠፍ ነው መንከስ የሚጀምረው። ስለዚህ ይለማመዳል። ሜዳ ላይ መጠነኛ ፍጥነት ከያዝክ በኋላ የአንዱን ፍሬን እጀታ ቀስ በቀስ እያጠበቅህ የእግረኛ እርምጃ ያህል እስክትዘገይ ያዝ፤ ጎማው ሳይቆለፍ፣ ብስክሌቱም ጨርሶ ሳይቆም ልቀቀው። ይህን 20 ጊዜ፣ ከዚያ ፍጥነት ጨምረህ 10 ጊዜ አድርግ። የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ፍሬኑ ልል ይልብሃል፤ እየደጋገምክ ስትሄድ በዚያው ጉልበት ብስክሌቱ ፈጥኖ ሲይዝ በጣትህ ይታወቅሃል። ሸራው ከብረቱ በላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ከቀረው በዚህ ሳምንት ቀይረው። ካቴና ዘይት ስትቀባም ጠብታ ዲስኩ ላይ እንዳይደርስ ተጠንቀቅ። እኔ የሚረጭ ዘይት ዲስክ ፍሬን ካለው ብስክሌት አጠገብ አላስደርስም።

ካቴናውም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋል። ማስመሪያ ይዘህ ከአንዱ ፒን መሐል ተነስተህ፣ የተነሳህበትን ሳትቆጥር፣ እስከ 24ኛው ፒን መሐል ለካ፤ አዲስ ካቴና እዚያ ድረስ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.3 ከደረሰ፣ በተለይ ባለ 11 ወይም ባለ 12 ማርሽ ከሆነ፣ ጊዜው አልፏል። ነገር ግን አዲስ ካቴና በተበላ የኋላ ጥርስ ላይ ሲገባ ይዘላል፤ የሚዘለውም ዳገት ላይ ቆመህ ፔዳሉን በሙሉ ክብደትህ ስትረግጥ ነው። ይህን ማወቅ ያለብህ ሰፈርህ ዳገት ላይ እንጂ ተራራው ወገብ ላይ አይደለም።

ጎማህ ቲዩብለስ፣ ማለት ያለ ካላማዳርያ የሚሠራ ከሆነ፣ አውጥተህ ጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው። የፈሳሽ ድምፅ ካልሰማህ ውስጡ ያለው ቀዳዳ መድፈኛ ደርቋል ማለት ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚደርቅ ነገር ነው። ንፋሱን ለአንተ ክብደትና 2.3 ወይም 2.4 ኢንች ለሚሆን ጎማ ከፊት በ22፣ ከኋላ በ25 ፒኤስአይ ጀምርና እየነዳህ አስተካክል። ካላማዳርያ ያለበት ከሆነ አራት አምስት ጨምርበት፤ አለዚያ ድንጋይ ሲመታው ካላማዳርያው በቸርኬው ተቆንጥጦ ይበሳል።

ስለ ራስህ። በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር ለዚህ ጉዞ አይበቃም፤ ሦስት ሳምንት ግን ብዙ ይሠራል። በሳምንት ሦስት ቀን ንዳ፤ አንዱ ረዘም ያለ ዳገት ይኑረው። ትልቁን ልምምድህን ከጉዞው አሥር ቀን በፊት ጨርስ፤ የመጨረሻው ሳምንት አጫጭር፣ ቀላል መንገድ ብቻ። በዋዜማው እንቅልፍ እምቢ ቢልህ አትጨነቅ፣ የሐሙስ ሌሊቱን በደንብ ተኛ።

ምግብ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት እስኪርባቸው በመጠበቅ ነው። ጉልበት ከከዳህ በኋላ የበላኸው ቶሎ አይደርስልህም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጀምር፤ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 27 ግራም ይይዛል። ውሃ በየሩብ ሰዓቱ ጎንጨት እያልክ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር፣ እንደ ሙቀቱ። የዚያን ቀን የምትበላውን ሁሉ ቀድመህ በልምምድ ላይ ብላው፤ ሆድህ ሲናወጥ የሚቀበለው ሁሉን አይደለም።

መያዣህ ውስጥ ፖምፓ፣ አንድ ካላማዳርያ፣ ብሩጎላ፣ ለካቴናህ የሚሆን ማያያዣ ይግባ። ካምቢዮው ከፍሬሙ ጋር የሚያያዝባት ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭም አትቅር። ድንጋይ ሲመታ ፍሬሙን ለማዳን እሷ እንድትታጠፍ ወይም እንድትሰበር ተብላ ነው የተሠራችው፤ ቅርጿም እንደየፍሬሙ ስለሚለያይ የራስህን ከአሁኑ ፈልግ።

አርብ ማታ ውሃህን ሙላ፣ ንፋሱን ለካ፣ ብሎኖቹን በእጅህ ዳስስ፤ ሌላ ነገር አትፍታ።

ሄልሜቱን አታድርገው። የውስጡ ፎም የሚያድንህ ምቱን ተቀብሎ በመጨፍለቅ ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ፣ ከላይ ቅርፊቱ ደህና ቢመስልም፣ ሁለተኛውን ምት አይቀበልልህም። ከሁሉ ነገር በፊት እሱን ቀይር።