ፔስሜከሩ 60 ተብሎ የጣት መለኪያው ለምን 40 ያሳያል?

ጥያቄው አዲስ አበባ ካለች አንዲት አንባቢ የመጣ ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ከ14 ወር በፊት ልባቸው በጣም እየዘገየ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ስተው ወደቁና ፔስሜከር ተገጠመላቸው። ሐኪሙ ‹ከእንግዲህ ከ60 በታች አይወርድም› ብሎን ነበር። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ማታ ማታ ጣታቸው ላይ የምናደርገው የኦክስጅን መለኪያ የልብ ምታቸውን 40፣ 41፣ አንዳንዴም 39 ይላል። የግፊት መለኪያውም የተዛባ ምት ምልክቱን ያበራል። እሳቸው ምንም አልሆንኩም ይላሉ፤ እኛ ግን እንቅልፍ አጥተናል። ለግፊታቸው ሽንት የሚያበዛ ክኒን ይወስዳሉ። ባትሪው አልቆ ይሆን? ቀጠሯቸው ገና ሁለት ወር ይቀረዋል።»

እህቴ፣ አባትሽ ራሳቸውን ካልሳቱ፣ ካላዞራቸው፣ ደረታቸውን ካላመማቸውና ትንፋሽ ካላጠራቸው ጣት ላይ ባየሽው ቁጥር ብቻ «ማሽኑ ቆሟል» ብለሽ አትደንግጪ። ሁለት ወር ግን አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ይታዩ። እስከዚያው ዛሬ ማታ እዚያው ቤት ልታጣሪው የምትችዪው ነገር አለ።

ሥራዬ ፔስሜከር፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ ተቀብሮ ልብ ሲዘገይ በኤሌክትሪክ የሚያስመታውን ማሽን፣ መመርመር ነው፤ ማሽኑን ከውጭ በሚያነበው ኮምፒውተር ፊት ቀኔን አሳልፋለሁ። እንደ አንቺ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ብዙ ነው። ጭንቀታችሁም ትክክል ነው፤ ለሁለት ጊዜ የወደቀን አባት ያየ ሰው 40 የሚል ቁጥር አይቶ ዝም ሊል አይችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጣት መለኪያው ልብን አያይም። የሚያየው ጣት ጫፍ ላይ የሚደርሰውን ደም ነው፤ ብርሃን እያሳለፈ ደሙ ሞላ፣ ጎደለ እያለ ይቆጥራል። የግፊት መለኪያውም የሚቆጥረው የክንድ ደም ስር ሲነጥር ነው። ፔስሜከሩ ደግሞ የሚከታተለው ኤሌክትሪክ ነው። ልብ ውስጥ የገባው ሽቦ ጫፍ ላይ ምልክት ባየ ቁጥር «ልቡ መታ» ብሎ ይመዘግባል፤ ያ ምት ምን ያህል ደም እንደገፋ አያውቅም።

አሁን ልብ አንዳንዴ ተራውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ይመታል። ትርፍ ምት እንለዋለን። የልቡ ክፍል በደም ሳይሞላ ስለሚጨመቅ የሚገፋው ደም ጥቂት ነው፤ ጣት ድረስ አይዘልቅም፣ ቢዘልቅም መለኪያው ከቁጥር አያስገባውም። ፔስሜከሩ ግን አይቶታል። ስለዚህ ሰዓቱን ከዚያ ትርፍ ምት ላይ እንደ አዲስ ይጀምራል።

በቁጥር ላሳይሽ። 60 ማለት በየሰከንዱ አንድ ምት ነው። ፔስሜከሩ መታ። ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ትርፍ ምት መጣ። ፔስሜከሩ ከዚያ ጀምሮ አንድ ሰከንድ ጠበቀና እንደገና መታ። በሁለቱ ጠንካራ ምቶች መካከል አንድ ሰከንድ ተኩል አለፈ ማለት ነው። 60ን ለ1.5 ስታካፍዪው 40 ይመጣል። በዚያ ደቂቃ ልብ 80 ጊዜ መትቷል፤ ጣት የቆጠረው ግን ግማሹን ነው። አንቺ የጻፍሽልኝ 39፣ 40፣ 41 ከዚህ ጋር በጣም ስለሚገጥም ነው መጀመሪያ የጠረጠርኩት።

አንድ አዛውንት በልጃቸው ተደግፈው የመጡበትን ቀን አልረሳውም። ልጁ መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ አባቱ ጣት ላይ ሰካና «ይኸው 38!» አለኝ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ። አንድ ጣቴን የአባትዬው አንጓ ላይ አድርጌ በሌላው እጄ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አሳረፍኩ። ደረታቸው ላይ ዱብ፣ ቶሎ ብሎ ደግሞ ቀለል ያለ ዱብ፣ ከዚያ ዝምታ። አንጓቸው ላይ ግን አንዱ ብቻ። ልጁን ማዳመጫውን አስያዝኩትና «አንተው ቁጠር» አልኩት። በግማሽ ደቂቃ 38 ቆጠረ፤ በደቂቃ 76 ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሳየው ማሽኑ እያንዳንዱን ምት ተከታትሏል፣ ሽቦውም ደህና፣ ባትሪውም ደህና። የልጁ ፊት ሲፈታ አየሁ።

አንቺም ዛሬ ማታ እንደዚያ አድርጊ። አባትሽ አምስት ደቂቃ ያህል ተደግፈው ይቀመጡ፤ እጃቸው ከቀዘቀዘ አሙቂው። አመልካችና መሃል ጣትሽን በአውራ ጣታቸው በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፊ። በራስሽ አውራ ጣት አትቁጠሪ፤ የራስሽን ትርታ ትቆጥሪያለሽ። ምቱ ሲዛባ አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል፤ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። ከዚያ ወንድምሽ ወይም እናትሽ ጆሯቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፣ አንቺ በዚያው ደቂቃ አንጓቸውን ያዢ። የጣት መለኪያችሁ ሞገድ የሚያሳይ ዓይነት ከሆነ እሱንም ተመልከቺ፦ አንድ ትልቅ ጉብታ፣ ከኋላው ትንሽ ጭረት የምታክል ጉብታ፣ ከዚያ ረዘም ያለ ክፍተት ካየሽ ትርፍ ምቱን በዓይንሽ አየሽው።

ደረት ላይ 70 ወይም 80፣ አንጓ ላይ 40 ከሆነ ትርፍ ምት ሊሆን ይችላል። ደረትም አንጓም ላይ 40 ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ማሽኑ እየመታ ልቡ አልመለሰለትም፣ ወይ ማሽኑ መምታት ሲገባው አልመታም፤ ሽቦ ሲነቃነቅ ወይም ሲጎዳ እንዲህ ይሆናል። አባትሽ ያለ ማሽኑ ወድቀው የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ፣ «ደህና ነኝ» ቢሉሽም በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመሽ አረጋግጪ፦ አንዳንዱ ማሽን ለእንቅልፍ ሰዓት 50 ተብሎ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሞላለታል። ስለዚህ ሌሊት 50 ወይም 52 ብታዪ ስህተት ላይሆን ይችላል፤ የተሞላው ቁጥር የመጨረሻው ምርመራ ወረቀት ላይ ይገኛል።

የግፊት መለኪያው ምልክት ደግሞ የሚበራው በምቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እኩል ሳይሆን ሲቀር ነው። ብዙ ቤት ያለው ኦምሮን ለምሳሌ ክፍተቱ ከአማካዩ 25 በመቶ ያህል ሲለይ ያበራዋል። መዛባት መኖሩን እንጂ ዓይነቱን አይነግርሽም። በዚህ ጊዜ የሚያወጣው የግፊት ቁጥርም ከፍ ዝቅ ስለሚል በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሦስት ጊዜ ለክተሽ አማካዩን ያዢ። ስማርት ሰዓት ያለው ዘመድ ቢኖርና «ውጤቱ አልታወቀም» ቢል አትገረሚ፤ በፔስሜከር የሚመታ ልብ በኢሲጂ (በልብ የኤሌክትሪክ ንድፍ) ላይ የሚሰጠው ቅርጽ ሰዓቱ ከለመደው ይለያል።

ታዲያ ትርፍ ምት ከሆነ ለምን በዚህ ሳምንት ይታዩ አልኩሽ? ሽንት የሚያበዛ ክኒን ስላልሽኝ ነው። እንዲህ ያሉት ክኒኖች ብዙዎቹ ፖታሲየም ከሰውነት ያስወጣሉ፤ ፖታሲየም ሲወርድ ትርፍ ምት ይበዛል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከነበራቸው፣ በጾም ውሃም ምግብም ከቀነሱ የባሰ ይወርዳል። በደም ምርመራ በአንድ ቀን የሚታወቅ ነገር ነው፤ ማግኒዥየሙም አብሮ ይታይ። ክኒኑን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ የፖታሲየም ክኒንም ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጧቸው፤ በተለይ ኩላሊት ከደከመ ፖታሲየም ሲበዛም ልብን ያቆማል። ትርፍ ምቱ ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ለወራት ከቆየ የልብን ጡንቻ ሊያደክም ስለሚችል ሐኪሙ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ሊያዝ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መንስኤው ሲስተካከል ይረጋጋል።

ሌላው በጣም የሚያሳስበኝ የመዛባት ዓይነት አለ። ትርፍ ምት ብዙ ጊዜ ሥርዓት አለው፤ ምት፣ ምት፣ ክፍተት እያለ ይደጋገማል። አንጓቸውን ይዘሽ ምንም ዓይነት ሥርዓት ካጣሽበት፣ አንዴ ቶሎ አንዴ ዘግየት፣ አንዴ ጠንከር አንዴ ደከም፣ ሁለቱ ተከታታይ ክፍተቶች ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ከሆነ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሊሆን ይችላል። የላይኛው የልብ ክፍል ይርገበገባል እንጂ አይመታም፤ ደም ይረጋበትና ረግቶ የተላቀቀው ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል። ፔስሜከር ይህን አያድንም። የአባትሽ ማሽን የላይኛው ክፍል ሽቦም ካለው ግን ይመዘግበዋል፣ መቼ ጀመረ፣ ስንት ሰዓት ቆየ የሚለውን ከማሽኑ እናነበዋለን። ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ተመዝግቦ እናገኘዋለን። ቀጠሮ አትዝለሉ ብዬ የምለምነው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ደህና ነኝ» የሚለው ሰው ማሽኑ ውስጥ የሦስት ቀን ፊብሪሌሽን ተጽፎ ይገኛል።

ከተገኘባቸውና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ በተለይ ዋርፋሪን፣ ከታዘዘላቸው አንድ የኛን ቤት የሚመለከት ነገር ልንገርሽ። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፤ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን የሚበላ ቤት ውስጥ ደሙ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚያሳየው የደም ምርመራ ቁጥር፣ አይ.ኤን.አር. የሚባለው፣ ይወርዳል፤ ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ይቀርና ቁጥሩ ይወጣል። ጎመን አትከልክሏቸው፤ መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ይመጣጠን፣ ጾም ሲገባም ለክሊኒኩ ንገሩ። ለወገብና ለጉልበት ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ግን ከዋርፋሪን ጋር ደም ያስፈስሳል፤ አይወሰድ።

ባትሪውን ፈርተሻል። የፔስሜከር ባትሪ እንደ እጅ ባትሪ ድንገት ድርግም አይልም፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዓመት ይቆያል፣ ሊያልቅ ሲል ወራት ቀደም ብሎ ራሱ ያሳውቃል። ለምሳሌ የሜድትሮኒክ ማሽኖች የመቀየሪያ ጊዜያቸው ሲደርስ 65 ላይ ቋሚ ይሆናሉ። ከዓመታት በኋላ የአባትሽ ዝቅተኛ ምት ከ60 ተነስቶ ሁልጊዜ 65 ላይ ሲቆም ካየሽ ያን ጊዜ ደውዪ። በተቃራኒው ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው በኮብልስቶን መንገድ ሲንገጫገጩ ምታቸው 85 ወይም 90 ቢደርስ ማሽኑ እንቅስቃሴ የሚከታተል ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ንዝረቱን እርምጃ መስሎት ነው።

ያልጠየቅሽኝን ሁለት ነገር ልጨምር። የእንጀራው የኤሌክትሪክ ምጣድ በሽቦ ሙቀት ስለሚሠራ ለማሽኑ አያሰጋም፤ ነገር ግን ሲነኩት የሚነዝር ምጣድ ካለ መሬት ሽቦው እስኪስተካከል አባትሽ አይንኩት። በማግኔት የሚያሞቀው ኢንዳክሽን ምድጃ ሌላ ነው፤ ከደረታቸው 60 ሳንቲሜትር ይራቅ። ስልካቸውንም በግራ የደረት ኪስ አይያዙ፤ ከማሽኑ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ።

ለአባትሽ ደግሞ ይህን አንብቢላቸው። በዓለም ላይ መጀመሪያ ሙሉ ለሙሉ ሰውነት ውስጥ የተቀበረው ፔስሜከር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1958 ስቶክሆልም ላይ ለአርነ ላርሰን ተገጠመ። ያ ማሽን የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነበር። ሰውዬው ግን 26 ማሽን እየቀያየሩ በ2001 እስኪያርፉ 86 ዓመት ኖሩ፤ ያረፉትም በካንሰር እንጂ በልብ አልነበረም።

ራሳቸውን ከሳቱ፣ ሊስቱ ከደረሱ፣ ደረታቸውን ከጨመደዳቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ የፊታቸው ወይም የእጃቸው አንድ ጎን ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተያዘ በእጅ መቁጠሩን ትታችሁ ወዲያው 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ። ማሽኑ የተቀበረበት ቆዳ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ በዚያው ቀን ይታይ። የማያቋርጥ ስቅታ ወይም የሆድ ጡንቻ ከምቱ ጋር አብሮ መንዘር ካለም ሽቦው ቦታውን ለቆ ሊሆን ስለሚችል ደውዪ።

ወደ ክሊኒኩ ስትሄዱ የመድኃኒቶቹን ካርቶኖችና የማሽኑን ካርድ ያዙ። አንዱ ኩባንያ የሠራውን ማሽን የሌላው ኮምፒውተር አያነበውም። ሕንድ ወይም ባንኮክ አስገጥመው መጥተው ካርዱን ጥለውት ከክሊኒክ ክሊኒክ የተንከራተቱ አይቻለሁ። ካርዱን ዛሬ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። በደብተር ደግሞ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አንጓ ላይ የቆጠርሽውን፣ ደረት ላይ የተቆጠረውን፣ አባትሽ በዚያን ሰዓት ምን እንደተሰማቸው ጻፊ፤ የጣት መለኪያውን ሞገድ ለግማሽ ደቂቃ በቪዲዮ ብትቀርጪው እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።