ለለገጣፎዋ እናት፦ የልጅዎን የዩኒቨርሲቲ ዝርዝር ከገንዘቡ ይጀምሩት

ሰላም እህቴ። ጥያቄዎን ደግሜ አነበብኩት። ልጅዎ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ገብቷል፣ ከ9ኛ ጀምሮ አማካይ ውጤቱ 96 ነው፣ ከክፍሉም አንደኛ ነው። ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድ፣ ስታንፎርድ፣ ፕሪንስተን፣ ዬል፣ ኮሎምቢያ፣ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ብሎ ስምንት ጽፎ ሰጥቶዎታል። እርስዎ ትንሽ ሱቅ አለዎት፣ አባቱ አስተማሪ ነው፣ ከቤት የሚወጣ ገንዘብ የለም። «ልቡን ሳልሰብረው ዝርዝሩን እንዴት ላስተካክል?» ነው ያሉት።

ልጁ ትልቅ መመኘቱን አይንኩበት። የዝርዝሩ ችግር ስምንቱም በዝናቸው ብቻ መመረጣቸው ነው። ምንም መክፈል ለማይችል ቤተሰብ እያንዳንዱ ስም የሚመዘነው ሙሉውን ወጪ ማን ይከፍላል በሚለው ነው። አሜሪካ ያለ ጥሩ የግል ኮሌጅ ከነምግብና መኝታው በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። «ተቀብለንሃል፣ 30 ሺህ ዶላር ረድተንሃል» የሚል ደብዳቤ ለእናንተ ቤት ከ«አልተቀበልንህም» አይለይም። እንዲያውም ይብሳል፤ ቀሪውን 50 ሺህ ለመሙላት ዘመድ ሲለመን ሌላው ዕድል ያልፋል።

የጻፋቸውን እንያቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ ለውጭ አገር ተማሪም ኒድ ብላይንድ ናቸው፤ ገንዘብ መጠየቁን በመግቢያ ውሳኔው ላይ አይቆጥሩበትም፣ ከተቀበሉት ደግሞ የጎደለውን በሙሉ ይሸፍናሉ። ዳርትማውዝ፣ አምኸርስትና ቦዶይንም እንደዚሁ ናቸው። ይህ መልካም ነው፤ ግን መላው ዓለም ስለሚያውቀው ሃርቫርድና ኤምአይቲ ከሚያመለክቱት ከመቶ አምስቱን እንኳ አይቀበሉም፣ ለውጭ ተማሪ በሩ ከዚያም ይጠባል። ስታንፎርድና ኮሎምቢያ ኒድ አዌር ናቸው፤ የውጭ ተማሪ ገንዘብ ሲጠይቅ በውሳኔው ላይ ይታይበታል። ኦክስፎርድና ካምብሪጅን ያውጣቸው። በአንድ ዓመት ለሁለቱም ማመልከት አይፈቀድም፣ የእኛን የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አይቀበሉም፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሙሉ የሚከፍል ስኮላርሺፕም እዚያ ጥቂት ነው። ከቀሩት ስድስት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ይሁኑ፤ እሱ ራሱ ይምረጣቸው።

የዝርዝሩ ወገብ ብዙ ቤተሰብ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቃቸው ትናንሽ ኮሌጆች ናቸው። ግሪኔል፣ ማካሌስተር፣ ካርልተን፣ ኮልቢ፣ ቤትስ፣ ስኪድሞር የመሳሰሉት ኒድ አዌር ቢሆኑም የተቀበሉትን ተማሪ የጎደለውን በሙሉ ይሸፍኑለታል። ግሪኔል፣ ማካሌስተር፣ ካርልተንና ኮልቢ የማመልከቻ ክፍያም አይጠይቁም። ከእነዚህ ዓይነት አምስት ወይም ስድስት ይያዝ። ምህንድስና ካለ ግን ይጠንቀቅ፤ አብዛኞቹ ምህንድስና የላቸውም። ስዋርዝሞርና ኮነቲከት ያለው ትሪኒቲ አላቸው። «ሦስት ዓመት እዚህ፣ ሁለት ዓመት ሌላ ዩኒቨርሲቲ» የሚባለው የምህንድስና መንገድ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ኮሌጅ ርዳታ ወደ ሁለተኛው ስለማይከተል ለእናንተ አይሆንም። ኬንታኪ ያለውን ቤሪያ ኮሌጅም ይጨምርበት። የትምህርት ክፍያ የለውም፣ ተማሪው ሁሉ ግቢ ውስጥ እየሠራ ነው የሚማረው፤ ለውጭ ተማሪ ያለው ቦታ ግን ትንሽ ነው።

አንድ ኮሌጅ ዝርዝሩ ላይ ይቆይ አይቆይ የሚለውን ከወሬ አትወስኑ። ልጁ የኮሌጁን ስምና «ኮመን ዳታ ሴት» የሚለውን አንድ ላይ ጎግል ላይ ይፈልግ። አብዛኞቹ በየዓመቱ የሚያወጡት ሰነድ ነው። ኤች 6 የሚለው ክፍል ለስንት የውጭ ተማሪ ርዳታ እንደሰጡና አማካዩ ስንት ዶላር እንደሆነ ይናገራል። ለምሳሌ 200 ተማሪ፣ አማካይ 70 ሺህ ዶላር ቢል፣ 200ውን ለአራት ዓመት ሲያካፍሉት በየዓመቱ 50 ገደማ ተማሪ በትልቅ ርዳታ ይገባል ማለት ነው፤ ይቆይ። 300 ተማሪ፣ አማካይ 22 ሺህ ቢል ቁጥሩ ያማልላል፣ ለብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት የሚበትን ነው፤ ይሰረዝ። ሲ 9 ላይ የገቡት ተማሪዎች የኤስኤቲ (የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና) ውጤት አለ። ልጁ የመካከለኛዎቹ ግማሽ ተማሪዎች ውጤት ከሚገኝበት ክልል የላይኛ ጫፍ ካልደረሰ ያ ኮሌጅ ለእሱ እንደ ሃርቫርድ ሩቅ ነው፤ ገንዘብ ለሚጠይቅ የውጭ ተማሪ የታችኛው ጫፍ አይበቃም።

ስለ 96ቱ በግልጽ ልንገርዎ። የመግቢያ መኮንኖች ብዙ የእኛ ትምህርት ቤቶች ከ90 በላይ እንደሚያድሉ ስለሚያዩ፣ ያንን ቁጥር ብቻውን አያምኑትም። ኤምአይቲና ሃርቫርድን ጨምሮ በርካቶች የኤስኤቲ ፈተናን የግድ ይላሉ፤ ሳይጠየቅም ቢሆን ለልጅዎ የሚናገርለት እሱ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ዝርዝር ከ1600 ወደ 1500 የሚጠጋ፣ በሒሳብ ከ750 የማያንስ ያስፈልገዋል። ከአገር ውጭ ለሚፈተን የክፍያ ምሕረት የለም፣ ክፍያው ከ100 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ ብሉቡክ በሚባለው መተግበሪያ ነፃዎቹን ሙከራ ፈተናዎች ሰዓት ይዞ ሠርቶ ሁለቴ 1400 ሳይደርስ አይመዝገብ። የፈተናው ዝግጅት ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቀድሞ ላፕቶፑ ላይ መጫን አለበት። ኢንተርኔት መግቢያና ማስረከቢያ ላይ እንጂ መሀል ላይ ቢቋረጥ ፈተናው ይቀጥላል፤ ባትሪው ግን ሦስት አራት ሰዓት መቻል አለበት። ዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተና የተገላቢጦሽ ነው፤ ቤት ሆኖ ይፈተናል፣ መሀል ላይ መስመር ከሄደ ፈተናው ይበላሻል። ለገጣፎ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት አይሞክረው፤ የስልክ ዳታ ተዘጋጅቶ፣ ማንም የማይገባበት ክፍል ተዘግቶ፣ ማለዳ ቢሆን ይሻላል።

አንድ ክፉ ምክር ይመጣባችኋል፦ «ገንዘብ አልፈልግም በል፣ ከገባህ በኋላ ትጠይቃለህ።» አታድርጉት። በአብዛኞቹ ኒድ አዌር ኮሌጆች ሲያመለክት ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ አራቱንም ዓመት መጠየቅ አይችልም፤ ለቪዛ የሚያስፈልገው አይ 20 የተባለው የኮሌጁ ቅጽ ደግሞ የባንክ ሒሳብ ካልታየ አይሰጥም።

የገንዘቡ ቅጽ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ይባላል። የመጀመሪያው 25 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ 16 ነው፤ ለአሥር ኮሌጅ 169 ዶላር ይሆናል። ከመክፈላችሁ በፊት ለየኮሌጁ የርዳታ ቢሮ በኢሜይል የምሕረት ኮድ ወይም በምትኩ ነፃውን የውጭ ተማሪ ቅጽ ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ይሰጣሉ። ገቢያችሁን በብር ሙሉት። የአባቱን የደመወዝ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ፣ የሱቁን ከገቢዎች የግብር ማስረጃ ያውጡ። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተጻፈው ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጎም። በዓመት ምን ያህል ትችላላችሁ ሲል የምትችሉትን እውነተኛ ቁጥር ጻፉ፤ ሱቅም ደመወዝም ያለው ቤት ዜሮ ብሎ ሲጽፍ ሌላው ቁጥርም አይታመንም።

ስም ላይ ዛሬውኑ ፓስፖርቱንና ትራንስክሪፕቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ፊደል፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በሌላ የተጻፈ የአባት ስም፣ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዞር ሰባትና ስምንት ዓመት የተምታታ የልደት ቀን፣ ኋላ የኤስኤቲው ውጤት ከማመልከቻው እንዳይገናኝ ያደርጋሉ። ሁሉም በፓስፖርቱ ይሂድ። ትምህርት ቤቱ አማካሪ ከሌለው ርዕሰ መምህሩ የአማካሪውን ቅጽ በእሱ ቦታ ይሞላል፤ የሚከፍተው ኢሜይል መኖሩን አሁኑኑ ጠይቁ። ሁለት መምህራን ደብዳቤ ይጽፋሉ። ልጁ ራሱ ጽፎ አያስፈርም፤ ሁለቱ ደብዳቤዎችና የራሱ ጽሑፍ በአንድ እጅ እንደተጻፉ ያስታውቃል።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ኮመን አፕ (በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጅ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) እስከ 20 ኮሌጅ ይፈቅዳል፣ ኤምአይቲ የራሱ ማመልከቻ አለው። ቀድሞ ለሚያመለክት ማብቂያው በአብዛኛው ጥቅምት 22፣ የመደበኛው ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ነው፤ ገና በዓልና የመንፈቅ ዓመት ፈተና ከዚያ ጋር ይጋጫሉ። የመምህራኑ ደብዳቤ በኅዳር መጨረሻ ካልገባ በዓል ይውጠዋል። ኤርሊ ዲሲዥን የሚባለው ለአንድ ኮሌጅ ብቻ የሚሰጥ ቃል ኪዳን ነው፤ ከተቀበሉት መሄድ ግድ ነው፣ ገንዘቡ ካልበቃ ግን ይለቁታል። ኒድ አዌር በሆኑት ላይ ዕድሉን ከፍ የሚያደርገው ይህ ስለሆነ ለኤርሊ ዲሲዥን ከወገቡ ውስጥ አንዱን ይምረጥበት።

ከአሜሪካ ውጭ ሁለት ሦስት ይጨመሩ። ቱርኪዬ ቡርስላሪ ማመልከቻው ነፃ ነው፣ በአብዛኛው ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ይቆያል፣ ከ70 በመቶ በላይ፣ ለሕክምና ከ90 በላይ ይጠይቃል፤ የአንድ ዓመት ቋንቋ፣ ማደሪያ፣ የወር ገንዘብና ትኬት አለው። ጋና ያለው አሸሲ ዩኒቨርሲቲ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን በኩል ለአፍሪካ ልጆች ሙሉ ይከፍላል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሌስተር ፒርሰን ስኮላርሺፕ ትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ብቻ የሚጠቁምበት ነው፤ ርዕሰ መምህሩን ቀድማችሁ አናግሩ።

የመጨረሻው መስመር አገር ቤት ነው፣ እሱንም እንደ ሽንፈት አይጻፈው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ከተፈተኑት 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ 50ና በላይ ያመጡበት ነው፤ 96 ያለው ልጅም ለማመልከቻው ጽሑፍ (ኤሴይ) ብሎ ፊዚክሱን መተው አይችልም። ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው፤ ለምህንድስና ልጅ ጥሩ ቦታ ነው፣ ከቤትም ሩቅ አይደለም።

ሲደመር ቢያንስ አሥራ አንድ ይሆናል፣ ከአሥራ ሁለት አይለፍ። ከዚያ በላይ ሲሆን የየኮሌጁ ተጨማሪ ጽሑፍ ይሳሳል፣ እየተገለበጠም «ግሪኔልን የምወደው» ተብሎ ለማካሌስተር ይላካል። ሠንጠረዡን ልጁ በእጁ ይሥራ፤ አንድ ዓምድ ለኤች 6 ቁጥር፣ አንድ ለሲ 9፣ አንድ ለቀን። እርስዎ አጠገቡ ሆነው የሚከፍለው ማን ነው የሚለውን ብቻ ይጠይቁት፤ የሚሰርዘውን ራሱ ይሰርዛል። ሲጨርስ ሠንጠረዡን እዚህ ይለጥፉልንና ቁጥሮቹን አብረን እናያለን።