ቤቴን በቁሜ ለልጆቼ ላስተላልፍ?

ጥያቄ፦ ጅማ ሄርማታ መርካቶ ካርታው በስሜ የሆነ ቤት አለኝ። ባለቤቴም ሦስት ልጆቼም በሕይወት አሉ። አሜሪካ ያለችው ልጄ «የማይሻር ትረስት አቋቁሚ፣ ከሞትሽ በኋላ ክርክር አይኖርም» ትለኛለች። እዚህ ይሠራል?

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ የምትነግርዎት የአሜሪካን አሠራር ነው። እዚያ ባለንብረቱ ቤቱን በባለአደራ ስም ያዛውራል፤ ባለአደራው በሰነዱ ለተጠቀሱት ሰዎች ጥቅም ያስተዳድረዋል። «የማይሻር» የሚባለው ሰጪው ብቻውን ሐሳቡን ቀይሮ ንብረቱን ማስመለስ ስለማይችል ነው። ይህን የሚያደርጉት ከውርስ ግብርና ከአበዳሪ ለመጠበቅ ነው፤ ለእርጅና እንክብካቤ ሜዲኬይድ የተባለውን የመንግሥት ድጋፍ ለማግኘትም ነው፤ ለዚህኛው ግን ከማመልከቻው በፊት በነበሩት 5 ዓመታት የተላለፈ ንብረት ይመረመራል። ሰነዱን ፈርመው የቤቱን ስም ሳያዛውሩ የሚቀሩም ብዙ ናቸው፤ ያኔ ትረስቱ ባዶ ወረቀት ነው።

የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ (1952 ዓ.ም.) ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ንብረትን ለባለአደራ መስጠትን ያውቃል፤ በተግባር ግን ብዙም አይሠራበትም። ለእርስዎ የሚቀርበው ቤቱን በስጦታ ሰጥቶ የአላባን መብት ማስቀረት ነው፦ ባለቤትነቱ ለልጆች ይተላለፋል፤ መኖሩና ኪራይ መሰብሰቡ እስከ ዕድሜ ልክዎ የእርስዎ ይሆናል። አላባውም በውሉ ይጻፍ፣ ይመዝገብም።

ቤቱ በጋብቻ ከተፈራ የባለቤትዎ ስምምነት ግድ ነው። የቤት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ ፎርም ካልተደረገ አይጸናም (አንቀጽ 2443)። ስለዚህ ሰነዱ በእርስዎና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበብ፤ መነበቡና ቀኑ በሰነዱ ላይ ይጻፍ፤ ሁላችሁም እዚያው ፈርሙ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። «በፊታችን ተነበበ» የሚለው ቃል ስለጎደለ ብቻ የፈረሱ ሰነዶች አሉ። ተጠቃሚ የሆነ ሰው ምስክር አይሁን። ልጆቹ ስጦታውን ይቀበሉ፤ አሜሪካ ያለችው በኤምባሲ በተረጋገጠ ውክልና ትቀበል። ዜግነት ቀይራ ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዋን ታዘጋጅ፤ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ የሆነ ስጦታ ከውጭ አገር ሰው የተቀበለ አሜሪካዊም ግብር ባይኖርበት እንኳ ለአገሩ ገቢዎች ያሳውቃል። በመጨረሻ ስሙ በከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ይዛወር፤ ያለ ምዝገባ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት አይተላለፍም (አንቀጽ 1185)።

አንዴ ከሰጡ ግን፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ከባድ ምክንያቶች በቀር፣ አይመለስም። ገንዘብ ቢቸግርዎት ቤቱን መሸጥ የሚችሉት ልጆች ሲፈቅዱ ነው። ልጅ ቀድሞ ቢሞት ድርሻው ለልጆቹ ይሄዳል፤ ልጅ ዕዳ ቢገባም አበዳሪ ድርሻውን ሊያሳግድ ይችላል። በእኛ አስተያየት ቅንጣት ጥርጣሬ ካለ ኑዛዜ ይሻላል፤ እስከ ዕለተ ሞትዎ ይሻራል፣ ይሻሻላል። ደግሞ እርስዎና ባለቤትዎ በአንድ ወረቀት አትናዘዙ፤ የሁለት ሰው ኑዛዜ በአንድ ሰነድ ዋጋ የለውም (አንቀጽ 858)።

ጥያቄ፦ አባታችን ታሟል። ሱቁን ለመስጊድ ወቅፍ (ለዘለቄታው ለሃይማኖት አገልግሎት የሚሰጥ ንብረት) ማድረግ ይፈልጋል። በኋላ ልጆች ማስመለስ እንችላለን?

መልስ፦ በሸሪዓ ወቅፍ የሆነ ንብረት አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ስለዚህ አሁኑኑ ተነጋገሩ። ሕመሙ ወደ ሞት የሚያደርስ ከሆነ ወቅፉ እንደ ኑዛዜ ይቆጠራል፤ ወራሾች ካልፈቀዱ ከሲሶው አይበልጥም። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34)። ወቅፉ በጽሑፍ ይሁን፤ አስተዳዳሪው ማን እንደሆነ፣ ኪራዩ ለምን እንደሚውል ይገለጽ።