ዳርቻውን ያላየ ድልድይ አይዘርጋ፦ ለወጣት የጦር መሐንዲሶች

ወደ ጦር ምህንድስና የሚገቡ ወጣቶች መጀመሪያ የሚወዱት ድልድዩን ነው። አይፈረድባቸውም። ከመኪና ላይ ወርዶ ውሃው ላይ የሚዘረጋ ብረት ማየት ደስ ይላል። እኔም እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም። ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ሥራ ነውና ልንገራችሁ፤ ታንክ ድልድዩ ላይ ከወጣ በኋላ ብዙም አይቸገርም። የሚቸገረው ወንዙ ጋ ሲደርስና ማዶ ሲወጣ ነው።

ቲ-72 የሚባለው ታንክ ከ40 ቶን በላይ ይመዝናል። ድልድዩ ይህን እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል። የዳርቻውን አፈር ግን ለዚህ ያዘጋጀው የለም። የመጀመሪያዎቹ ታንኮች ያልፋሉ፣ ተከታዮቹ መሬቱን ያቦኩታል፣ ከዚያ አንዱ ሆዱ ድረስ ይሰምጣል። ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ለጠላት መድፍ ሲሳይ ሆነ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 1944 ጣሊያን ውስጥ የአሜሪካ 36ኛ ክፍለ ጦር የራፒዶን ወንዝ ለመሻገር ሞከረ። ወንዙ ጠባብ ነው። ነገር ግን እግረኛው ከባድ ጀልባ ተሸክሞ፣ በጨለማ፣ ጭቃና ፈንጂ የሞላውን ሜዳ ማቋረጥ ነበረበት። ገና ወንዙ ጋ ሳይደርሱ ብዙ ጀልባዎች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። የተሻገሩትም ታንክ ሊደርስላቸው አልቻለም፤ ታንክ የሚያሻግር ድልድይ አልተዘረጋማ። ከሺህ በላይ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ።

የማዶውን ዳርቻ ለመረዳት ደግሞ ስዊዝን አጥኑ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 1973 የስዊዝን ካናል ለመሻገር የተነሳውን የግብፅ ጦር ያሳሰበው የካናሉ ውሃ ብቻ አልነበረም። ማዶ እስራኤል የከመረችው ግዙፍ የአሸዋ ግድግዳ ነበር። በፈንጂ ልናዱ ቢሉ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ሰውም ያስጨርሳል። ባቂ ዘኪ ዩሱፍ የተባለ መሐንዲስ መኮንን የአስዋን ግድብ ሲሠራ አሸዋ በውሃ ግፊት ሲናድ አይቶ ነበርና በፓምፕ እንሞክረው አለ። ፓምፖቹ የካናሉኑ ውሃ እየሳቡ ግድግዳውን ሸነቆሩት። ታሪኩን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ብዙም የማይወራው ክፍል ነው። በደቡብ በኩል አፈሩ ሸክላ ነበረበት። ውሃ ሲነካው ጭቃ ሆነና በዚያ በኩል የሚሻገረው የግብፅ ሦስተኛ ጦር ድልድዮች ዘገዩ። ያው ፓምፕ፣ ያው ካናል፣ አፈሩ ብቻ ተለየ። ስለዚህ የምትችሉትን ያህል ዳርቻውን ቀርባችሁ እዩ፣ አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡት። የማዶውን ደግሞ ቃኚዎቻችሁ በሌሊት ሄደው ይንገሯችሁ።

ቅደም ተከተሉን ትምህርት ቤት ስለምትማሩት አላሰለቻችሁም። እግረኛ በጀልባ ይሻገራል፣ ወንዙን በቀጥታ የሚመታውን ጠላት ያርቃል፣ ከዚያ ታንክ የሚጭን ተንሳፋፊ ይከተላል፣ ድልድዩ መጨረሻ ላይ ነው። ከጠላት ዓይን የሚሸፍናችሁን ጢስም አትርሱ።

የትራፊኩን ነገር ግን አጥብቄ እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም መኮንኖች ይንቁታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1812 የናፖሊዮን ሠራዊት ከሩሲያ ሲያፈገፍግ ቤሬዚና ወንዝ ላይ ደረሰ። የድልድይ ሠሪዎቹ አዛዥ ጄኔራል ኤብሌ የድልድይ ዕቃው ይቃጠል ሲባል መሣሪያውን፣ ከሰሉንና አንጥረኛ የሚሠራባቸውን ጋሪዎች አትርፎ ነበር። ሰዎቹ በረዷማ ውሃ ውስጥ ቆመው ሁለት ድልድይ ሠሩ። ሌሊት ድልድዮቹ ባዶ በነበሩበት ሰዓት ከሠራዊቱ ኋላ የቀረው ሕዝብ ከእሳቱ ዳር አልነሳም አለ። ሩሲያውያን መድፍ ሲተኩሱ ግን ሁሉም በአንዴ ድልድዩ ላይ ፈሰሰ፤ ብዙዎች በግፊያና በውሃ አለቁ።

ስለዚህ የድልድዩን አፍ የሚጠብቀው መኮንን ማዕረጉ ትንሽ ቢሆንም ጄኔራል መጥቶ "ልለፍ" ቢለው "ይጠብቁ" የማለት ሥልጣን ይኑረው። ድልድዩ ላይ የሚበላሽ ታንክ ምን እንደሚደረግም ቀድማችሁ ወስኑ። ጎታች ቶሎ ካልደረሰ ወንዙ ውስጥ ይገፋል። የታንኩ አዛዥ ይህን ከመነሳቱ በፊት ይወቀው እንጂ ድልድዩ ላይ ቆሞ እንዳይከራከራችሁ።