187 አሳየ፤ ስኳር አለባቸው ማለት ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት ገጠር ነው። ለምርመራ መንደር ድረስ የመጡ ባለሙያዎች ቁርስ ከበሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ጣታቸውን ወግተው የደም ስኳራቸውን ሲለኩ 187 አሳየ። ውኃ ጥምም ሆነ ሌላ የሚሰማቸው ነገር የለም። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። እንደገና ማስመርመር የግድ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ የግድ ነው። ከምግብ በኋላ የተለካ 187 ስኳር አለባቸው አያሰኝም፤ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ ቁጥርም አይደለም። ምልክት አለመኖሩ አያዘናጋችሁ። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፤ ሌሊት ለሽንት መነሳትም በእርጅና ይሳበባል። ኩላሊትም ስኳርን ወደ ሽንት የሚለቀው ከበፊቱ ከፍ ባለ መጠን ላይ ስለሚሆን «ሽንቱ ንጹሕ ነው» መባል ዋስትና አይሆንም።

የሚያስፈልገው ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ከደም ሥር የሚወሰድ ደም ነው። ውኃ ግን ይጠጡ፤ አረጋውያንን ውኃ ከልክሎ መንገድ ማስወጣት አደጋ አለው። ማልደው ይውጡ፣ ምግብ ቋጥረው ይያዙ፣ ደም እንደሰጡ እዚያው ይብሉ።

ውጤቱ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። ከ100 እስከ 125 ድንበር ላይ ነው (ከ110 የሚጀምሩ መመሪያዎችም አሉ)፤ በየዓመቱ ይታይ። ከ100 በታች ከሆነ በ3 ዓመት ውስጥ መድገም ይበቃል። ጾም የማይጠይቀው የኤችቢኤዋንሲ (ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳይ) ምርመራ ካለ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ስኳርን ያመለክታል፤ የደም ማነስ ካለባቸው ግን ውጤቱ ስለሚዛባ አስቀድመው ይንገሩ።

የጣቱ ልኬት ለምን አይበቃም? እውነተኛ የስኳር መጠኑ 126 የሆነ ደም ግሉኮሜትሩ (ከጣት ደም ስኳር የሚለካው ትንሽ መሣሪያ) ላይ 107 ወይም 145 ቢያሳይ እንኳ መሣሪያው ከተፈቀደለት የስሕተት ወሰን አልወጣም። አለካኩም ያሳስታል። ፍራፍሬ የላጠ ጣት ሳይታጠብ ከተወጋ ቁጥሩ ያለልክ ይንራል፤ እጅ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። የሚወጋው የጣቱ ጎን ነው። እጃቸው ቀዝቅዞ ደም እምቢ ካለ ክንዳቸውን ቁልቁል አንጠልጥሎ ማሸት ይሻላል፤ ጫፉን አጥብቆ መጭመቅ ከሥጋው የሚወጣ ፈሳሽ ቀላቅሎ ልኬቱን ያበላሻል። የስትሪፑ (ደሙ የሚነካበት የመለኪያ ቁራጭ) ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ወይም ፀሐይ ላይ ከዋለም ቁጥሩ አይታመንም። መውጊያው ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መሆኑን ቆመው ይዩ፤ ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በዚህ መንገድ ይተላለፋል።

እስኪረጋገጥ ድረስ የሌላ ሰው የስኳር ክኒን አያስጀምሯቸው። በተለይ ግሊበንክላማይድ የአረጋውያንን ስኳር ከመጠን በላይ አውርዶ ሊያስቃዣቸውና ሊጥላቸው ይችላል። በመካከሉ ማስታወክ፣ ከባድ ጥም ወይም መፍዘዝ ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይውሰዷቸው።