በኦአርኤስ ውስጥ ስኳር ለምን ገባ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከባቲ ነው። የሁለት ዓመት ልጄን ተቅማጥ በያዘው ጊዜ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ኦአርኤስ የተባለውን፣ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ቅመራ ሰጠችኝ። አማቴ ግን ስኳር እንዳለበት ሲሰሙ «ተቅማጥን ስኳር ያባብሰዋል፤ ጨውና ውኃ ይበቃዋል» ብለው ተከራከሩኝ። ልጄ አልሐምዱሊላህ ድኗል፤ እኔ ግን ስኳሩ ምን እንደሚሠራ ለአማቴ ማስረዳት አልቻልሁም። ደግሞስ ልጁ እንዲወደው ከቤት ስኳር ብጨምርበት ጉዳት አለው?

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ልጅዎ ተሻለው። የጠየቁት ነገር መልሱ ያለው የአንጀትን የውስጥ ግድግዳ ከሸፈኑት ሕዋሳት ላይ ነው።

እያንዳንዱ ሕዋስ የባዮሎጂ መምህራን ሴል ሜምብሬን በሚሉት ስስ ሽፋን የተከበበ ነው። ሽፋኑ እጅግ ከመሳሳቱ የተነሣ አንድ መቶ ሺህ ያህሉ ቢደራረብ እንኳ ከአንድ ሚሊሜትር ውፍረት አያልፍም። የተሠራውም በዋናነት ከቅባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ጎርተርና ግሬንዴል የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከቀይ የደም ሕዋሳት ያወጡትን ቅባት በውኃ ላይ ሲዘረጉት የሕዋሳቱን ገጽ ሁለት እጥፍ ያህል ስለሸፈነላቸው፣ ሽፋኑ የሁለት ንብርብር ቅባት መሆኑን ተረዱ። የቅባቱ ውኃ ወዳድ ራሶች ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲዞሩ፣ ውኃ የሚሸሹት ጭራዎች ደግሞ መካከል ላይ ተደብቀው ይቀመጣሉ።

በወጥ ላይ በሰፈፈ ዘይት ላይ ጨው ቢነሰንሱ ጨው በዘይቱ ውስጥ አይሟሟም። በሕዋስ ሽፋንም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ጨውም ሆነ ስኳር የቅባቱን ንብርብር በራሳቸው አቋርጠው መግባት ስለማይችሉ፣ በቅባቱ መካከል የተሰኩ ፕሮቲኖች በር ሆነው ያሳልፏቸዋል። ውኃ ግን ጨው ወደ በዛበት ወገን ይሳባል። ቲማቲም ላይ ጨው ሲነሰንሱ ውኃ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የልጅዎ አንጀት ውኃውን እንዲመጥ፣ አስቀድሞ ጨው ወደ ሕዋሱ መግባት አለበት።

ስኳሩ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአንጀት ሕዋስ ሽፋን ላይ ካሉት በሮች አንዱ ሁለት ሶዲየምን (የጨው አንዱ ክፍል ነው) ከአንድ ግሉኮስ (በኦአርኤስ ውስጥ ያለው የስኳር ዓይነት ነው) ጋር አጣምሮ ያስገባል፤ ሁለቱ አብረው ካልመጡለት አያሻግርም። ይህን ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1960 ያስረዳው አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ክሬን ነው። ከሕዋሱ በስተጀርባ፣ በደም ሥር በኩል ባለው ሽፋን ላይ ደግሞ ሌላ ፕሮቲን ሦስት ሶዲየም እያወጣና ሁለት ፖታሲየም እያስገባ ያለማቋረጥ ይሠራል፤ በዚህም የሕዋሱ ውስጥ ዘወትር ሶዲየም ያነሰው ስለሆነ፣ ከአንጀት በኩል ያለው ሶዲየም በዚያ በር ግሉኮሱን ይዞ ይገባል፤ ውኃውም ይከተላል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ በር በኮሌራ ጊዜ እንኳ ሳይበላሽ መቆየቱ ነው። የኮሌራ መርዝ የክሎራይድን (የጨው ሌላው ክፍል ነው) መውጫ ከፍቶ ጨውንና ውኃን ወደ አንጀት ያፈስሳል፤ ሶዲየም ከክሎራይድ ጋር የሚገባበትንም መንገድ ያግዳል። የግሉኮሱ በር ግን ሥራውን ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ምክንያት ወደ ሕንድ በተሰደዱት ሰዎች መካከል ኮሌራ በገባ ጊዜ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ስላለቀባቸው ጨውና ግሉኮስ በውኃ በጥብጠው ሕሙማኑን አጠጡ፤ በዚያ ከታከሙት መካከል ሕይወታቸው ያለፈው ከመቶ አራት አይሞሉም ነበር። እንግዲህ ጨውና ውኃ ብቻውን የማይበቃው፣ ጨው ያለ ግሉኮስ ያንን በር ማለፍ ስለማይችል ነው።

የአማትዎ ስጋት ግን ከንቱ አይደለም፤ ለሁለተኛው ጥያቄዎም መልስ ይሆናል። ስኳሩ በሮቹ ማስገባት ከሚችሉት በላይ ሲበዛ በአንጀት ውስጥ ይቀርና፣ ጨው ከቲማቲሙ ውኃ እንዳወጣ፣ ከልጁ ሰውነት ውኃ እየሳበ ተቅማጡን ያባብሳል። ለስላሳ መጠጥም ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የማይሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2002 የግሉኮሱን መጠን በሊትር ከ20 ግራም ወደ 13.5 ግራም ዝቅ አድርገውታል፤ አሁን ባለው ቅመራ ሶዲየሙና ግሉኮሱ በቁጥር እኩል ናቸው። ስለዚህ የአንድ ሊትሩን እሽግ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ብቻ ይበጥብጡት፤ ስኳርም ጨውም አይጨምሩበት፤ ውኃውንም አያሳንሱት። ልጁ ጣዕሙን ከጠላው በማንኪያ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይስጡት፤ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ቀስ እያሉ እንደገና ይጀምሩ። መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከደነዘዘ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።